ከኋላ የሚመጣው ሰው

ክረምቱ አልፎ፥ ደመናው ተገፎ፥ ምድር በአደይ አበባ በምታጌጥበት ወራት በቤት ውስጥ ተዘግቶ መዋል ለሰው ልጅ እጅግ ይከብደዋል። በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ወቅት መጸው ይባላል፤ ከዚህም ውስጥ እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ተብሎ የተለየ ነው። ሌሎች አገሮች የአበባቸውን ወራት በመጋቢትና በሚያዝያ ሲቀበሉ፥ የእኛ ደጋ ግን አበባውን የሚያወጣው ታላቁ ዝናም ካበቃ በኋላ ነው። እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት በአንድ ቅዳሜ ቀን ከቤተ ሰቤ ጋር በመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ በእግር ስንጓዝ ያገኘኝን ነገር፥ ልጆች ላሏቸው ሁሉ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ከዚህ ቀጥዬ እጽፋለሁ። ነገሩ ትልቅ አይደለም፤ እኔን ግን ከብዙ ትልልቅ ነገሮች ይልቅ አስተምሮኛል።

በቤታችን የምንኖረው አምስት ነን። እኔና ባለቤቴ፥ ዕድሜው 15 ዓመት የሆነ ወንድ ልጃችን፥ 8 ዓመት የሆናት ሴት ልጃችን፥ እናቴም ካረፉ ወዲህ ከገጠር መጥተው ከእኛ ጋር የተቀመጡት የ74 ዓመቱ አባቴ ነን። እኔ በቢሮ ሥራ የምኖር ሰው ነኝና ቀኔን ሁሉ በሰዓት ከፋፍዬ እውላለሁ። ይህንንም ጉዞ እንደ ቢሮ ሥራ አድርጌ አሰናዳሁት፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት መንገድ መጀመር፥ በ7 ሰዓት ከተራራው ራስ መድረስ፥ ከ11 ሰዓት በፊት መመለስ ብዬ በወረቀት ጻፍሁ። አባቴ አብረውን ይሄዳሉ በተባለ ጊዜ ግን ደስ አላለኝም። ይህን እውነት ብሸሽግ ጽሑፌ ጥቅም አይኖረውም። «ጉልበትዎን ያምምዎታል፤ እቤት ቢያርፉ ይሻላል» አልኋቸው። እርሳቸውም «ጉልበቴን የሚያመኝ ወንበርህ ላይ ስቀመጥ ነው» ብለው የወይራ በትራቸውን አነሡ። ባለቤቴም ቀድማ ዳቦውን፥ ቆሎውንና በሶውን ለአምስት ሰው አሰናድታ ነበርና ክርክሩ በዚሁ አበቃ።

የመናገሻ ሱባ ደን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የሚገኝ ነው። ተራራው በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ፥ እሳቱም ከጠፋ እጅግ ረጅም ዘመን ያለፈው ሲሆን፥ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 3,385 ሜትር ከፍ ይላል። ስለ ደኑ አጀማመር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው፥ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተራራውን መራቆት አይተው፥ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል። የሐበሻ ጥድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ የተከለው ሰው ከጥላው ሥር ለመቀመጥ አይደርስም። ይህን ታሪክ ለልጆቼ በመኪና ውስጥ ስነግራቸው፥ እኔ ራሴ ከቃሉ ምንም እንዳልተማርሁ አላስተዋልሁም ነበር።

የሰበታን መንገድ ይዘን ከሄድን በኋላ ከዋናው ጎዳና ወጥተን በጠጠሩና በጭቃው መንገድ ቀስ እያልን ከደኑ በር ደረስን። ገና መንገድ ሳንጀምር አባቴ በትራቸውን ተክለው ቆሙና ሦስት ነገር ነገሩን። አንደኛው «የመንገድ ልኩ ከፊት የሚሄደው ሰው አይደለም፤ ከኋላ የሚመጣው ነው» የሚል ነበር። ሁለተኛውም «መንገድ በሁለት በተከፈለበት ስፍራ ሁሉ ከፊት ያለው ቆሞ ከኋላ ያለውን ይጠብቅ» የሚል ነበር። ሦስተኛውን ለትንሿ ልጄ ብቻ ነገሯት። «የኔ ልጅ፥ ድንገት ብቻሽን የሆንሽ እንደ ሆነ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አትሂጂ። ካለሽበት ተቀመጪና ድንጋይ በድንጋይ እየመታሽ ድምፅ አሰሚ። ፈላጊና ተፈላጊ ሁለቱም የሄዱ እንደ ሆነ አይገናኙም» አሏት። እኔ ግን በልቤ ሣቅሁ። አባቴ በልጅነታቸው ከብት የጠበቁበት ዘመን ትዝ ብሏቸው ነው እንጂ፥ ለአንድ ቀን ሽርሽር ይህ ሁሉ ምክር ምን ያስፈልጋል ብዬ ሰዓቴን አየሁ። 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆኖ ነበር።

ደኑ ውስጥ በገባን ጊዜ የከተማው ድምፅ ሁሉ ጠፋ። ጥዱ እንደ ቤተ ክርስቲያን ዓምድ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በመካከሉም ዝግባና ወይራ ይታያል። ከቅርንጫፎቹ ላይ ረጅም ግራጫ ፀጉር የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ነበርና ልጄ ምን እንደ ሆነ ጠየቀች። አባቴም «የዛፍ ሽበት ይባላል፤ እኔና ይህ ዛፍ እኩዮች ነን» ብለው ጢማቸውን ነኩ። ጥቂት ሄደን ከጥዱ ጫፍ ላይ ጥቁርና ነጭ ካባ የደረቡ የሚመስሉ ጉሬዛዎች አየን። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፤ ወደ ምድርም እምብዛም አይወርድም። አባቴ «የዱር መነኮሳት» እያሉ ጠሯቸው። አንድ አረንጓዴ ወፍም ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲበር በክንፉ ውስጥ የተሸሸገው ቀይ ቀለም በድንገት ታየ፤ ልጄም በደስታ ጮኸች። እኔ ግን ይህን ወፍ ያየሁት አልፌው ከሄድሁ በኋላ ዞር ብዬ ነው።

እየወጣን በሄድን ቁጥር መንገዱ ጠበበ፤ ድንጋዩም በዛ። የክረምቱ ውኃ አፈሩን ጠርጎ ስለ ወሰደው ድንጋዩ እንደ ተሰበረ ደረጃ ሆኖ ቀርቷል። ፀሐይ በማያገኘው በኩል ያለው ድንጋይ አረንጓዴ ልባስ ለብሶ ይሙለጨለጫል። አባቴ እግራቸውን ከማሳረፋቸው በፊት በበትራቸው ድንጋዩን ነካ እያደረጉ፥ የደረቀውን እየመረጡ ይረግጡ ነበር። ከዚህም በላይ ከፍታው ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር በሚሆን ስፍራ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከ10 እጅ 7 እጅ ያህል ብቻ ነውና፥ በአዲስ አበባ የለመደ ሰው እንኳ ዳገቱን ሲወጣ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ አባቴ በየ100 እርምጃው ይቆማሉ። ባለቤቴም አብራቸው ትቆማለች። ልጄም የወደቀ የጥድ ፍሬና የአደይ አበባ ትለቅማለች። እኔ ግን በየጊዜው ሰዓቴን እያየሁ በቈጣ እቃጠል ነበር።

በመጨረሻም ትዕግሥቴ አለቀና ወንድ ልጄን «ና፥ እኛ ቀደም እንበል» ብዬ ወደ ፊት ሄድሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከኋላዬ «አባዬ! አባዬ!» የሚል የልጅ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ሳልል «ነዪ፥ ተከተዪን» አልሁና መንገዴን ቀጠልሁ። ድምፁም አልተደገመም። ቀጥሎም መንገዱ በሁለት ወደ ተከፈለበት ስፍራ ደረስን፤ አንዱ ወደ ተራራው ራስ ይወጣል፥ ሁለተኛው እንጨት ለቃሚዎችና ከብቶች የረገጡት ሲሆን ወደ ሸለቆው ያዘነብላል። ልጄ «አባባ እዚህ ጠብቁ ብለው አልነበረምን?» አለኝ። እኔም «መንገዱ ግልጽ ነው፤ ማንም አይሳሳተውም» ብዬ መለስሁለት።

የኮሶው ዛፍ እየበዛ ከሚሄድበት፥ የአስታው ቍጥቋጦ ከሚጀምርበት ገላጣ ስፍራ በደረስን ጊዜ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ሰዓቱ 5 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነበርና በወረቀት የጻፍሁት ሁሉ ልክ ሆኖልኝ ደስ አለኝ። ከ25 ደቂቃ ያህል በኋላ ባለቤቴና አባቴ ብቅ አሉ። ሁለት ብቻ ነበሩ።

«ልጅቱስ?» አልሁ።

ባለቤቴም «ከአንተ ጋር አይደለችምን?» አለች።

ይህን ጥያቄ በዚያ ስፍራ የሰማሁበትን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ልጅቱ ከአያቷ ጋር መሄድ ሰልችቷት ወደ አባቴ ልሂድ ብላ ነበር። አባቴም ቀና ብለው ሲያዩኝ 50 እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበርሁና «ሂጂ፥ እጁን ያዢ» ብለው ለቀቋት። እርሳቸው ወደ እኔ የላኳት ይመስላቸዋል፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ያለች ይመስለኛል። በሁለታችን መካከል አንዲት ሕፃን ጠፍታለች።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ስናገር አፍራለሁ። አባቴ «ቁም፤ አትሩጥ» ሲሉኝ አልሰማኋቸውም። ስሟን እየጠራሁ፥ እየጮኽሁ ቍልቍለቱን በሩጫ ወረድሁ። ወዲያውም ከዚያው ከሚሙለጨለጨው ድንጋይ በአንዱ ላይ እግሬ ከዳኝና በጉልበቴ ወደቅሁ። ደሜ እየፈሰሰ ተነሥቼ እንደ ገና ጮኽሁ። የእጅ ስልኬን ባወጣም ኔትወርክ አልነበረውም፤ ቢኖረውስ ለማን እደውላለሁ? ልቤ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም በዚያ በታችኛው መንገድ በኩል ያለው ገደል ነው።

አባቴ በራሳቸው እርምጃ መንገዱ ከተከፈለበት ስፍራ ሲደርሱ እኔ ገና እጮኽ ነበር። እጃቸውን በትከሻዬ ላይ አሳርፈው «ልጄ፥ ዝም በል። ጩኸትህ ድምፅዋን እየሸፈነው ነው» አሉኝ። ከዚያም ሁለት እጃቸውን በአፋቸው ዙሪያ አድርገው እንደ እረኛ ረዥም ጥሪ አንድ ጊዜ ጠሩና ዝም አሉ። ሁላችንም ዝም አልን። የነፋሱ ድምፅ በጥዱ ውስጥ ሲያልፍ ሰማን፤ ቀጥሎም የወፍ ድምፅ ሰማን፤ ከዚያም ከታችኛው መንገድ በኩል ከሩቅ ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ ሰማን። ኳ፥ ኳ፥ ኳ።

ከመንገዱ መከፈያ 200 እርምጃ ያህል ርቃ፥ ከአንድ ኮሶ ዛፍ ሥር ተቀምጣ አገኘናት። የለቀመችው አበባ በጭኗ ላይ ነበር። ሁለቱን ድንጋዮች ከእጅዋ አልጣለችም። አላለቀሰችም፤ እናትዋን ስታይ ግን አለቀሰች። እኔም አቅፌያት «ለምን አልጠራሽኝም?» አልኋት። እርሷም «ጠርቼህ ነበር። ነዪ አልኸኝና ሄድህ። መንገዱ ሁለት ሲሆን አንተን አላየሁህም። ከዚያ በዚህ ስሄድ ስሄድ ማንም የለም፤ አባባ ተቀመጪ ስላሉኝ ተቀመጥሁ» አለችኝ።

ቍጥር ብናደርገው ከ40 ደቂቃ የማይበልጥ ጊዜ ነው። ጉዳትም የደረሰባት የለም። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ከእኔና ከአባቴ መካከል የዚያች ሕፃን አባት ሆኖ የተገኘው ማን እንደ ነበረ በዚያ ድንጋይ ላይ ሆኜ ራሴን መጠየቄ አልቀረም። የ8 ዓመት ልጅ የአያቷን ቃል አንድ ጊዜ ሰምታ ጠበቀችው፤ እኔ ግን 45 ዓመት ሙሉ ስሰማቸው ኖሬ በልቤ ሣቅሁባቸው።

በዚያው በኮሶው ሥር ተቀምጠን ዳቦውንና ቆሎውን በላን። የተራራው ራስ ከበላያችን በጉም መካከል እየታየ ይሸሸግ ነበር። ማንም ስለ እርሱ አልተናገረም። አባቴ ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «ይህ ወራት የምን ወራት ነው? እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ፥ ዮሴፍና ሰሎሜ አብረዋት ወደ ግብፅ መሰደዳቸውን የምናስብበት አይደለምን? ሕፃን የታቀፈች እናት ነበረች፤ ሽማግሌም ነበረ። ከኋላቸውም የሚያሳድዳቸው ነበረ። በማን እርምጃ የሄዱ ይመስልሃል?» ይህን ብለው መልስ ሳይጠብቁ የቆሎውን ልቅምቃሚ ከነጠላቸው ላይ አራገፉ።

ለመመለስ ስንነሣ ወንድ ልጄ ያዝናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ወደ ተራራው ራስ እንወጣለን ብዬ ሳምንቱን ሁሉ ያስጐመጀሁት እርሱን ነውና። እርሱ ግን «እኔ ከኋላ እሆናለሁ» አለና ሁላችንን አሳልፎ ቆመ። አባቴ ከፊት ሆኑ፤ ልጅቱ ተከተለች፤ ባለቤቴ ቀጠለች፤ እኔም እያነከስሁ ከልጄ ፊት ሄድሁ። ብዙ ሰው ዳገት መውጣት ይከብዳል፥ ቍልቍለት ግን ይቀላል ይላል፤ ድንጋይ በበዛበት መንገድ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ሲወጡ የሚደክም ትንፋሽ ነው፤ ሲወርዱ ግን የሰውነት ክብደት ሁሉ በጉልበት ላይ ይወድቃል፥ እግርም የሚንሸራተተው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በአባቴ እርምጃ ቀስ ብለን ወረድን።

በዚያም ዝግታ ውስጥ በጠዋት ያላየሁትን አየሁ። ከድንጋዩ ሥንጥቅ የወጣች ትንሽ ምንጭ ነበረች፤ ቀይ የቀጋ ፍሬም ነበረ። ከሁሉም በላይ ግን ልጄ ከኋላዬ ሆኖ መናገር ጀመረ። በመጀመሪያ ስለ ጉሬዛው ተናገረ፤ ቀጥሎም ስለ ትምህርት ቤቱ፤ በመጨረሻም 2 ወር ሙሉ በልቡ ተሸክሞት የነበረ አንድ ጭንቀት ነገረኝ። ጭንቀቱ የእርሱ ነውና እዚህ አልጽፈውም። ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገረኝ በጠየቅሁት ጊዜ «ጊዜ የለህም ብዬ ነው» አለኝ። ዞር ብዬ አላየሁትም፤ ባየው ኖሮ ቃሉ ይቋረጥ ነበር ብዬ እፈራለሁ። እርምጃዬን ብቻ ቀነስሁ።

ከበሩ ስንደርስ 10 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። በአገራችን ፀሐይ ፈጥና ትጠልቃለች፥ ድንግዝግዙም አጭር ነው፤ ስለዚህ ወደ ተራራው ራስ ሄደን ቢሆን ኖሮ በዚያ ድንጋይ ላይ ጨለማ ያገኘን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ተረዳሁ። በወረቀት የጻፍሁት ሥርዓት የሽማግሌን ጉልበትና የሕፃንን እግር ያልቈጠረ ስለ ነበረ፥ ከመጀመሪያውም ትክክል አልነበረም።

እናንተም በዚህ በአበባ ወራት ከቤተ ሰባችሁ ጋር ወደ ተራራ ለመውጣት ያሰባችሁ እንደ ሆነ፥ ከመውጣት አትከልከሉ፤ ልጆች ዛፉን በስሙ የሚያውቁት ከሥሩ ሲቆሙ ነውና። ነገር ግን በማለዳ ተነሡ፤ ውኃና ስንቅ ከሚበቃችሁ በላይ ያዙ፤ ለሽማግሌና ለሕፃን በትር ስጡ፤ እርጥብ ድንጋይ አትርገጡ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ የትም ብትደርሱ ተመለሱ። ደካማውን ከፊት፥ ብርቱውን ከኋላ አድርጉ። ልጁን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ስታስተላልፉ ሁለቱም ወገን በዓይኑ አይቶ ይቀበል፤ ሂጂ ብቻ ማለት፥ ነዪም ብቻ ማለት አይበቃም።

የወይራው በትር አሁን ከበራችን ኋላ ተደግፎ ቆሟል። ትንሿ ልጄ ያን ዕለት የመታቻቸውን ሁለት ድንጋዮች በኪስዋ ይዛ መጥታ ከመስኮትዋ ላይ አኑራቸዋለች። ከጥቂት ቀን በፊት ማታ ከሥራ ተመልሼ በወረቀት ላይ አቀርቅሬ ሳለሁ ልጄ ሁለት ጊዜ ጠርታኝ ኖሯል። አልሰማኋትም። ከዚያም ከጓዳ ውስጥ ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ ሰማሁ። ብዕሬን አስቀምጬ ተነሣሁ።